ቅጠል ብቻ የሚሰጥ ጓሮ

ከደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ከፍ ብሎ ካለ ሰፈር አንዲት እናት ጽፈውልኛል። ደብዳቤያቸው አጭር ነው።

«ልጄ፣ እንደምን ከረምክ። የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ የሆነ ዘር ይዞልኝ መጣ። እዚያ ጫካ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር የሚበቅል ነጭ ሽንኩርት ነው ይላል። ሰፊ ቅጠል አለው፣ ቅጠሉም ይበላል አለኝ። ዘሩ ጥቁር ድቡልቡል ነው። የኔ ጓሮ ጥላ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ሰኔ ላይ ግማሹን ዛፉ ሥር ዘራሁት። ይኸው ክረምቱ አለቀ፣ አንድም ብቅ ያለ የለም። ዘሩ የሞተ ይሆን? መድኃኒትስ አለው? ያ ቦታ ድሮም እርግማን አለበት። አምና የኛኑ ነጭ ሽንኩርት ብተክልበት ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ።»

እንደምን ከረሙ እናቴ። ልጁ የተክሉን ስም አልነገረዎትም፣ ወይም ነግሮዎት ረስተውታል። የጻፉት ግን ይበቃኛል። ጫካ፣ ሰፊ ቅጠል፣ የነጭ ሽንኩርት ጠባይ፣ ጥቁር ድቡልቡል ዘር፣ በዚያ ላይ ከአሜሪካ። ራምፕ ነው። በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በተለይ አፓላችያ በሚባለው ተራራማ አገር የሚበቅል የሽንኩርት ዘመድ ነው። ቺካጎ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ተክል ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ራምፕን በሚጠሩበት ቃል ተሰየመች።

ዘርዎ አልሞተም ባይ ነኝ። ተኝቷል። የራምፕ ዘር በሁለት ቁልፍ የተቆለፈ ነው። መጀመሪያ እርጥብና ለዘብ ያለ ሙቀት ባለው አፈር ሁለት ሦስት ወር መቆየት አለበት። ያኔ ሥር ይሰዳል። ከዚያ ደግሞ ወራት የሚዘልቅ ብርድ ይፈልጋል። ብርዱን ካላገኘ ቅጠል አያወጣም። በገዛ አገሩ እንኳ ከተዘራ በኋላ ብቅ ለማለት ከ6 እስከ 18 ወር ይወስዳል። እርስዎ የጠበቁት ገና አራት ወር ነው።

የደሴ ብርድስ? ይሉኝ ይሆናል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን የኅዳር ሌሊት ብርድ አውቀዋለሁ፣ አጥንት ይሰብራል። ነገር ግን ሲነጋ ፀሐይ ትወጣለች፣ ረፋዱ ላይ አፈሩ ሞቅ ይላል። ራምፕ የለመደው ቀንና ሌሊት ሳይለቅ ወራት የሚቆይ የበረዶ ብርድ ነው።

«ጥላ ይወዳል» የተባሉትም ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ራምፕ የሚበቅልበት ጫካ ቅጠሉን የሚያራግፍ ጫካ ነው። በረዶው እንደቀለጠ፣ ዛፎቹ ገና እርቃናቸውን ሳሉ፣ ራምፕ ቅጠሉን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ዛፎቹ ቅጠል ለብሰው ጥላ ሲሆኑ የሱ ቅጠል ጠውልጎ ይሞታል፣ የዓመት ስንቁን ከሥር ቋጥሯል። እንግዲህ የጥላ ተክል ያልነው ጉድ ምግቡን የሚያበስለው በፀሐይ ነው። የኛ አገር ባሕር ዛፍና ጽድ ደግሞ ልብሳቸውን አያወልቁም። ዓመቱን ሙሉ ጥላ ናቸው።

ትዕግሥትዎንም ልፈትን። ራምፕ ቢበቅል እንኳ ከዘር ተነሥቶ ለመብላት እስኪደርስ 5 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። በዚህ ዝግታው ምክንያት ሰው እየነቀለ ሊጨርሰው ደርሶ ነበር። በካናዳ የኬቤክ ክፍለ ግዛት በፈረንጆች 1995 ሽያጩን ከለከለ፣ ለራሱ የሚለቅም ሰውም በዓመት ከ50 ራስ በላይ እንዳይነቅል ወሰነ። በአሜሪካም ግሬት ስሞኪ ማውንቴንስ የተባለው ብሔራዊ ፓርክ ከ2004 ጀምሮ መንቀሉን ጨርሶ አግዷል። እንዲህ ያለውን ተክል ለዘንድሮ ሽሮ አይጠብቁት።

መድኃኒት ላሉት፣ እባክዎ ምንም አይግዙ። ሱቅ ሄደው «ዘሬ አልበቅል አለ» ካሉ አንድ ብልቃጥ የማይሸጥልዎ የለም። የሚታከም በሽታ ግን የለም።

አሁን ወደ ደብዳቤዎ መጨረሻ ልምጣ። እርግማን ያሉት ነገር ነው ከሁሉ በላይ የያዘኝ። «ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ» ብለዋል። እንደ ብሶት ነው የጻፉት። እኔ ሳነበው ግን መልሱ እዚያው አለ አልኩ።

ዛፉ ሥር ብለዋል እንጂ ምን ዛፍ እንደሆነ አልነገሩኝም። ደሴ ውስጥ ሰው ስሙን ሳይጠራ «ዛፍ» ካለ ባሕር ዛፍ ነው። ጽድ ቢሆን «ጽዱ ሥር»፣ ወይራ ቢሆን «ወይራው ሥር» ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ነው ብዬ እቀጥላለሁ። ባሕር ዛፍ ከላይ ብርሃኑን ይከለክላል፣ ከታች ውሃውን ይጠጣል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ራስ የሚይዘው ቅጠሉ በፀሐይ የሠራውን ምግብ ወደ ታች ሲያወርድ ነው። ጥላ ውስጥ ብርሃን ፍለጋ ይረዝማል፣ ይቀጥናል፣ ለማውረድ የሚተርፈው ነገር የለም። ቦታው አልተረገመም። ራስ የማይሰጥ፣ ቅጠል የሚሰጥ ቦታ ነው። እንግዲያው ቅጠሉን ይውሰዱ!

የነጭ ሽንኩርት ቅጠል ይበላል። ጣዕሙ ከራሱ ለስለስ ያለ ነው። ራምፕም በአገሩ በጣም የሚወደደው በቅጠሉ ነው። የእህትዎ ልጅ ያስጎመጀዎትን ነገር ሰባት ዓመት ሳይጠብቁ በስድስት ሳምንት ማግኘት ይችላሉ።

የሚያስፈልግዎ አንድ አሮጌ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። የዘይት የነበረ ይሁን፣ የፀረ ተባይ የነበረውን በፍጹም አይንኩት። በጎኑ አስተኝተው ወደ ላይ የዞረውን ሰፊ ጎን በቢላ ቆርጠው ያንሡት፣ ገንዳ ይሆንልዎታል። ታቹን በጋለ ሚስማር አሥር ቦታ ያህል ይብሱት። ይህችን ቀዳዳ ንቀው የሚተዉ ብዙ ናቸው። ነጭ ሽንኩርት ውሃ ከተኛበት ሳምንት ሳይቆይ መሽተት ይጀምራል።

ከዚያ ሁለት እጅ ተራ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅለው ይሙሉት። ፍጉ ሲያሸቱት አፈር አፈር ማለት አለበት። አሁንም በረት በረት ካለዎት አልደረሰም፣ ያቆዩት። ከዛፉ ሥር የረገፈውን የባሕር ዛፍ ቅጠል ደግሞ አይጨምሩበት፣ አያልብሱትም። ለማገዶ እንጂ ለአትክልት አይሆንም።

ጀሪካኑን መሬት ላይ አያስቀምጡት። ሁለት ድንጋይ ወይም ሁለት ብሎኬት ላይ ያውጡት። ውሃው እንዲንጠባጠብ ብቻ አይደለም። የባሕር ዛፍ ሥር እርጥበት ከሸተተው በቀዳዳው ሽቅብ ይገባል። አንድ ጊዜ ሥር የሞላው ጀሪካን ከመሬት ማላቀቅ አቅቶኝ ከነአፈሩ ትቼው አውቃለሁ።

አሁን ዘሩ። ከገበያ ሲገዙ ራሱ ውስጥ መሃል ላይ የሚገኙትን፣ ለመላጥ የሚያታክቱትን ትንንሽ ፍሬዎች ያውቋቸዋል። እነሱን ይሰብስቡ። ቅርፊታቸውን አይላጧቸው። ሹሉን ወደ ላይ፣ ሥር የሚያወጣውን ጠፍጣፋ ጎን ወደ ታች አድርገው፣ በሁለት ጣት ርቀት፣ የአውራ ጣት ጥፍርዎ እስኪሸፈን ያህል ይቅበሯቸው። ለራስ የሚተከል ነጭ ሽንኩርት እንዲህ አይታፈግም፣ ለቅጠል ግን ይታፈግ ግድ የለም። አንድ ጀሪካን 40 ያህል ፍሬ ይይዛል።

የት ይቀመጥ? ጥላም ጥላ አለው። እኩለ ቀን ላይ እዚያ ቆመው መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ከቻሉ ብርሃኑ ለቅጠል ይበቃል። ካቃተዎት (ዓይንዎ ደህና ከሆነ ነው እንግዲህ) ጀሪካኑን ወደ አጥሩ ጠጋ ያድርጉት። የጠዋት ፀሐይ ሁለት ሰዓት ያህል ቢያገኝ ደግሞ እሰየው። የጀሪካን ደግነቱ ይኸው ነው፣ መደብ አንሥተው አይወስዱም፣ ጀሪካን ግን ተሸክመው ይዞራሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሜዳው በውርጭ ሲነጣ ከዛፍ ሥርና ከግድግዳ ጥግ ያለው ይተርፋል። በዚህ በኩል ጥላዎ ይጠቅምዎታል።

ውሃውን በቀን ቆጠራ አያድርጉት። ጣትዎን እስከ መጀመሪያው አንጓ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ። ደረቅ ከሆነ ያጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ይተዉት። በበጋ ሁለት ሦስት ቀን አንዴ ይሆናል።

በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይበቅላል። ስንዝር ሲያልፍ፣ ብዙውን ጊዜ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት፣ ከአፈሩ ሁለት ጣት ከፍ አድርገው በመቀስ ይቁረጡ። አይንቀሉት። መልሶ ያቆጠቁጣል። ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ ከቆረጡት በኋላ ፍሬው ስንቁን ይጨርሳል፣ ቅጠሉም እንደ ክር ይቀጥናል። ያኔ ገልብጠው አዲስ ይትከሉ። ሁለት ጀሪካን ቢያዘጋጁና ሁለተኛውን ሦስት ሳምንት አዘግይተው ቢተክሉ ቤትዎ ቅጠል አይጠፋም። ለእንቁላል፣ ለሾርባ፣ ለድንች ወጥ ይሆናል። ከቃሪያ ጋር ወቅጠው ዳጣ ውስጥ ቢጨምሩት ደግሞ እኔንም ይጥሩኝ። ወጥ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ሊወርድ ሲል ነው የሚጨመረው፣ ቀድሞ ከገባ ሽታው በኖ ይጠፋል።

ትንንሹን ፍሬ ለጀሪካን ያልኩት በምክንያት ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ኩታበር ብሄድ፣ ቦሩ ሜዳ ብሄድ የማየው አንድ ነው። ትልልቁ ፍሬ ለወጥና ለገበያ፣ ጭራሹ ለዘር። ኧረ ተዉ እባካችሁ! ነጭ ሽንኩርት እንደ ጤፍ ዘር አይዘራም፣ የምንቀብረው ፍሬ ራሱ እናቱ ነው። ከሲታ እናት ቀብሮ ወፍራም ራስ መጠበቅ የለም። ዓመት ዓመት ትንሹን እየመረጡ መትከል ማለት ራሱን ዓመት ዓመት እያሳነሱ መሄድ ነው። ከዚያ «የድሮው ነጭ ሽንኩርት ጠፋ» ይባላል። አልጠፋም፣ በላነው። እርስዎም ፀሐይ የሚያገኝ መሬት ካለዎት፣ አንድ እርምጃም ይሁን፣ ከገዙት ውስጥ ትልልቁን ፍሬ ለዚያ ያስቀሩ። በፍሬና በፍሬ መካከል አንድ እርብ፣ በመስመርና በመስመር መካከል ስንዝር ይተዉ። ራስ የሚገኘው ከዚያ ነው።

ልጁ በሚቀጥለው ሲመጣ የራምፕ ራሱን ነቅሎ በሻንጣ ላምጣልሽ ቢል እሺ አይበሉት። ከውጭ የሚገባ ተክልም ዘርም የጤና ማረጋገጫና የኳራንቲን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ያለ ነገር አይደለም። የሽንኩርት ዘመዶችን ሥር እንደ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ አልብሶ የሚያበሰብስ በሽታ አለ። በራስና ራሱ ላይ በተጣበቀ አፈር ይጓዛል። አንዴ መሬት ከገባ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ተደብቆ ይቆያል። ለእርስዎ ጓሮ ቀርቶ ለታችኛው ጎረቤትዎም ይተርፋል፣ ደሴ ቁልቁለት ናት፣ የክረምት ጎርፍ አፈሩን ይዞ ይወርዳል።

ዘሩ ግን አንዴ እጅዎ ገብቷል። የዘሩትን ቦታ አይቆፍሩት። ምናልባት መጪው ዓመት ብቅ ቢል ቀጭን የሣር ቅጠል ነው የሚመስለው፣ አረም መስሎዎት እንዳይነቅሉት። የቀረዎትን ግማሽ በእርጥብ አሸዋ ለውሰው ፌስታል ውስጥ ያስሩት። አሸዋው ሲጨብጡት ውሃ የማያንጠባጥብ ይሁን። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ማድቤት ይቀመጥ። ከጥር እስከ መጋቢት መጨረሻ ፍሪጅ ውስጥ ታችኛው መሳቢያ ያስገቡት፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ አይደለም። መብራት በጠፋ ቁጥር አይደንግጡ፣ የጥቂት ሰዓት መጥፋት አይጎዳውም። ከዚያ በበልጉ ዝናብ አንድ ጀሪካን ውስጥ ይዝሩት። ፌስታሉ ላይ ደግሞ በትልቁ ይጻፉበት። ዘሩ ቁርጥ ቁንዶ በርበሬ ነው፣ አንዱ ወጥ ውስጥ እንዳይከተው።