ኮርስ ከመሥራታችሁ በፊት ቅርንጫፍ ሂዱ

ዕድሜዬን የፈጀሁት ባንክ ቤት ሠራተኛ በማሠልጠን ነው። እኛ በዘመናችን ሠልጣኙን ከየክፍለ ሀገሩ አስመጥተን፣ አበል ከፍለን፣ አዳማ ወይም ቢሾፍቱ አዳራሽ ውስጥ እናስቀምጠው ነበር። እናንተ የዛሬ የኦንላይን ኮርስ አዘጋጆች ጎዴ ያለውን ልጅ በስልኩ ታገኙታላችሁ። ይህ በጣም ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ግን፣ ብዙዎቻችሁ የአዳራሹን ስላይድ እንዳለ ስልኩ ላይ እየጫናችሁት መሆኑ ነው።

አለቃ ጠርቶ «ስለ ሂሳብ አከፋፈት ኮርስ ሥሩልን» ሲላችሁ፣ ላፕቶፑን ለመክፈት አትቸኩሉ። ቅርንጫፍ ሂዱ። ወንበር ስባችሁ ከገንዘብ ከፋይዋ ጎን ግማሽ ቀን ተቀመጡ። አንድ ቦታ ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጅቷ ከኮምፒውተሯ ስክሪን ግርጌ ቁራጭ ወረቀት በፕላስተር ለጥፋለች። የሲስተሙን ኮዶች በቅደም ተከተል በእስክሪብቶ ጽፋባታለች። ብዙ ጊዜ የምትሳሳትበት መስመር በቀይ ተሰምሮበታል። ወፍራሙ ማኑዋል መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ምን እንደሚያስፈልጋት ልጅቷ ራሷ ለይታ አውጥታዋለች። የእናንተ ሥራ ያቺን ወረቀት አጣርቶ ለሁሉም ቅርንጫፍ ማድረስ ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ችግሩ ፎርሙ ወይም ኔትወርኩ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያኔ ሥልጠና እንደማይፈታው ለአለቃችሁ በግልጽ ንገሩት። ይህን መናገር ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን ንገሩት።

ኮርስ የግድ ካስፈለገ፣ ሠልጣኙ «ቀጥል» የምትለዋን እየነካ እንዲያልፍ አታድርጉት። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። አንዱ የተማሪ ቡድን አጭር ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው መጀመሪያ አነበበና፣ ከዚያ በኋላ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ደጋግሞ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ አንባቢዎቹ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ ያስታወሱት 40 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ እየጻፉ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ ገደማ አስታወሱ። የሚገርመው፣ የበለጠ እናስታውሳለን ብለው የገመቱት አንባቢዎቹ ነበሩ። ስለዚህ ሠልጣኙ «ገብቶኛል» ስላላችሁ ብቻ አትመኑ። ጠይቁት። ከሦስት ቀን በኋላ ጠይቁት፣ ከወር በኋላም ድገሙት። ለዚህ የቅርንጫፉ የቴሌግራም ግሩፕ ይበቃል። ዳታ የሚበላ ቪዲዮም አያስፈልገውም።

ጥያቄው ደግሞ ሥራውን ይምሰል። «ውክልና ምን ማለት ነው?» ብሎ አራት ምርጫ መደርደር ቀላል ነው። ማንም በግምት ያልፈዋል። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ እናት ሆስፒታል ተኝታለች። ልጇ ደብተሯንና መታወቂያዋን ይዞ መጥቶ ለመድኃኒት ገንዘብ አውጡልኝ ይላል። ውክልና የለውም። ከኋላው ሰልፉ ረዝሟል። ምን ትሉታላችሁ? ምርጫዎቹም ሰው መስኮት ላይ በእርግጥ የሚያደርጋቸው ይሁኑ፤ አዝኖ መክፈል፣ በደረቁ መመለስ፣ ወደ ኃላፊ መውሰድ። ከእያንዳንዱ ምርጫ በኋላ «ተሳስተዋል» ብቻ አትበሉ። ምን እንደሚከተል አሳዩ። ጥያቄውንም ሠራተኛው ከደንበኛው ጋር በሚነጋገርበት ቋንቋ ጻፉት። አማርኛ ይሁን ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ፣ በእንግሊዝኛ ስላሠለጠናችሁት መስኮት ላይ አይቀለውም።

በመጨረሻ ሪፖርት ትጠየቃላችሁ። ስንት ሰው ጨረሰ፣ ስንት ሰርተፍኬት ታተመ የሚለው ቁጥር ሪፖርት ላይ ያምራል፤ ሥራው መሻሻሉን ግን አያሳይም። አሜሪካዊው የሥልጠና ምሁር ዶናልድ ከርክፓትሪክ የሥልጠናን ውጤት በአራት ደረጃ መመዘን እንደሚቻል መጻፍ የጀመረው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው፦ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ ሥራ ላይ አዋለው ወይ፣ መሥሪያ ቤቱ ምን ተጠቀመ። አብዛኛው መሥሪያ ቤት ዛሬም መጀመሪያው ላይ ቆሟል። እናንተ ሦስተኛውና አራተኛው ድረስ ሂዱ። ተሳስተው የሚመለሱት ፎርሞች ቀንሰዋል? አንድ ደንበኛ ሂሳብ ለመክፈት የሚወስድበት ጊዜ አጥሯል? ይህን ለማወቅ የድሮውን ቁጥር ኮርሱ ሳይጀመር መያዝ አለባችሁ። በኋላ ልፈልገው ብትሉ የሚሰጣችሁ አታገኙም።