ፖስትግሬስን ስለ መጫን የጠየቃችሁኝ

ፖስትግሬስ ዳታቤዝን ሊኑክስ ላይ ስለ መጫን ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ትዕዛዞቹን የጻፍኩት በእኛ ፊደል ነው። ተርሚናሉ ግን ሀ ሁ አልቆጠረምና ስትሞክሯቸው ወደ ላቲን መልሷቸው።

ጥያቄ፦ በአፕት (በኡቡንቱና በዴቢያን ፓኬጅ መጫኛ) ልጫነው ወይስ ሶርስ ኮዱን አውርጄ ራሴ ኮምፓይል ላድርገው? ጓደኞቼ «ባለሙያ ከሶርስ ነው የሚጭነው» ይሉኛል።

መልስ፦ በአፕት ጫነው። ከሶርስ ስትጭን ዩዘር መፍጠሩ፣ ማሽኑ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ ማድረጉ፣ የደኅንነት ማስተካከያ በወጣ ቁጥር እንደገና ኮምፓይል ማድረጉ ሁሉ ያንተ ዕዳ ነው። ለመማር ከሆነ አንድ ቅዳሜ ስጠው፣ ደስ ይላል። ለሥራ ከሆነ ግን ጓደኞችህ ሌሊት ተነስተው አያዘምኑልህም።

ጥያቄ፦ ጫንኩት። ልገባ ስል «ፒር ኦተንቲኬሽን ፌይልድ» አለኝ። ፓስወርዱ ምንድን ነው? ሲጫን ምንም አልጠየቀኝም እኮ!

መልስ፦ ፓስወርድ የለውም። ይህ ጥያቄ ስለሚደጋገም ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

ስትጭነው ሁለት ነገር ተፈጥሯል፤ የሁለቱም ስም ፖስትግሬስ ነው። አንዱ የሊኑክስ ዩዘር ነው፣ ሌላው የዳታቤዙ። ፒር በሚባለው አሠራር ሰርቨሩ ሊኑክስን «በር ላይ የቆመው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሊኑክስ «ከበደ ነው» ካለ፣ ከበደ በሚል ስም ብቻ ያስገባል። አንተ በከበደ ገብተህ ፖስትግሬስ ነኝ ስትል ነው የመለሰህ።

ስለዚህ «ሱዶ ሰረዝ ዩ ፖስትግሬስ ፒኤስኪውኤል» ብለህ ግባ፤ ፒኤስኪውኤል ለዳታቤዙ ትዕዛዝ የምትጽፍበት ፕሮግራም ነው። ከዚያ ለመተግበሪያህ የራሱን ዩዘርና ፓስወርድ ፍጠርለት። በሎካልሆስት በኩል ሲመጣ በፓስወርዱ ይገባል።

«ፒጂ ኤችቢኤ የሚባለውን፣ ማን እንዴት እንደሚገባ የሚወስነውን ፋይል ክፈትና ፒርን በትረስት ቀይረው» የሚል ምክር ሳታይ አልቀረህም። ተው። ትረስት ማለት ማንም በፈለገው ስም ይግባ ማለት ነው። ቁልፉ ጠፋብኝ ብሎ በሩን እንደ መንቀል ነው።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ ላይ ወዲያው ሠራልኝ። ሮኪ ሊኑክስ ላይ ግን አልነሳም አለ።

መልስ፦ ኡቡንቱና ዴቢያን የዳታ ማውጫውን ራሳቸው አዘጋጅተው ሰርቨሩን ያስነሱልሃል። የሬድ ሃት ወገን የሆኑት ፕሮግራሙን አስቀምጠው ዝም ይላሉ። «ፖስትግሬስኪውኤል ሰረዝ ሴትአፕ» የሚለውን ትዕዛዝ «ሁለት ሰረዝ ኢኒትዲቢ» ጨምረህ አንድ ጊዜ አስኪደው፣ ከዚያ በሲስተምሲቲኤል አስነሳው። ፍሪቢኤስዲ የሚባለው ሲስተም ላይም መጀመሪያ ኢኒትዲቢ፣ ማለትም የዳታ ማውጫውን ማዘጋጀት ይፈልጋል። ሩት (በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ዩዘር) ሆነህ በቀጥታ ለማስነሳት አትድከም። ሰርቨሩ ሆን ብሎ ነው እምቢ የሚለው።

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤታችን ሰርቨር ኢንተርኔት የለውም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እርስዎ ጋ ያለው ዓይነት ሲስተም አዲስ የተጫነበት ሌላ ማሽን ይፈልጉ። አፕትን «ሁለት ሰረዝ ዳውንሎድ ሰረዝ ኦንሊ» ብለው ሲያዙት ፓኬጆቹን ቫር፣ ካሽ፣ አፕት፣ አርካይቭስ ውስጥ ያስቀምጣል። በፍላሽ ይውሰዷቸውና በዲፒኬጂ ይጫኗቸው።

ጥያቄ፦ የተከራየሁት ትንሽ የዴቢያን ሰርቨር ነው። ለስም 20 ፊደል ፈቅጃለሁ። «አበበ» ይገባል፤ «ገብረመድኅን» ግን ረዘመ ይለኛል። ሰባት ፊደል እንዴት ይረዝማል?

መልስ፦ ደስ የሚል ጥያቄ ነው የጠየቅሽኝ። የእኛ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ኢንኮዲንግ (ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት ስልት) እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። ገብረመድኅን 21 ባይት ነው፣ በአንድ አለፈ። ፖስትግሬስ ግን መቁጠር ያለበት ፊደል እንጂ ባይት አይደለም። ባይት ከቆጠረ ዳታቤዝሽ የተፈጠረው «ኤስኪውኤል አስኪ» በሚባለው ኢንኮዲንግ ነው። ሰርቨሩ ሲጫን የቋንቋ ቅንብሩ ባዶ ወይም «ሲ» ከነበረ እንዲህ ይሆናል። ፒኤስኪውኤል ውስጥ ገብተሽ በ«ባክስላሽ ኤል» አረጋግጪ።

ገና ብዙ ካላስገባሽ ዳታቤዙን አጥፊና «ቴምፕሌት ዜሮ»ን መነሻ አድርገሽ በዩቲኤፍ 8 ፍጠሪው። የ«ሲ» አደራደር አያስፈራሽ፤ በዩኒኮድ ቁጥር ስለሚደረድር ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ በቅደም ተከተላችን ይሄዳል። «ፀሐይ» ብለሽ ስትፈልጊ «ጸሀይ»ን ግን አያመጣልሽም። እሱን በራስሽ ኮድ ነው የምትፈቺው።

ጥያቄ፦ ከሌላ ማሽን ልገናኝ ስል አይቀበለኝም።

መልስ፦ ሲጫን የሚሰማው ሎካልሆስትን ብቻ ነው። «ሊስን አድሬስስ» የሚለውን ቀይረህ ሪስታርት አድርግ፣ ፒጂ ኤችቢኤ ላይ ለዚያ አይፒ አንድ መስመር ጨምር፣ ፋየርዎሉ ላይ ፖርት 5432ን ለእሱ ብቻ ክፈት። ፒጂ ኤችቢኤ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ መጀመሪያ የገጠመው መስመር ይወስናል። እኔ ብሆን ግን በኤስኤስኤች ቱቦ፣ ማለትም ወደ ሰርቨሩ በሚወስደው የተመሰጠረ መስመር ውስጥ እገናኝ ነበር። ያኔ አንዱንም መንካት አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱን ከ22.04 ወደ 24.04 አሳደግኩ። አዲሱ ፖስትግሬስ ውስጥ ዳታዬ የለም! ጉድ ሆኛለሁ?

መልስ፦ አልሆንክም፣ ተረጋጋ። «ፒጂ ኤልኤስ ክላስተርስ» በል። ባዶው 16ኛው ቨርዥን ፖርት 5433 ላይ፣ ዳታህን የያዘው 14ኛው ደግሞ 5432 ላይ ታገኛቸዋለህ። አንዱ ቨርዥን የሌላውን የዳታ ማውጫ ማንበብ ስለማይችል ነው። መጀመሪያ ባካፕ ውሰድ። ከዚያ ባዶውን 16 በ«ፒጂ ድሮፕ ክላስተር» አጥፋና 14ን በ«ፒጂ አፕግሬድ ክላስተር» አሳድገው። የምታጠፋውን ቁጥር ሁለቴ አንብብ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ አልነሳ አለ። ዲስኩ ሞልቷል ይላል። ምን ላጥፋ?

መልስ፦ ከዳታ ማውጫው ውስጥ ምንም። በ«አፕት ክሊን» እና ያረጁ የሲስተም ሎጎችን በማጥፋት ቦታ አግኝና አስነሳው፤ ሳይጨርስ የተቋረጠውን ራሱ አስተካክሎ ይነሳል። ከዚያ ለምን እንደሞላ ፈልግ። የተረሳ ሬፕሊኬሽን ስሎት (ለቅጂ ሰርቨር መዝገብ የሚያቆይ) ካለ ዲስክ ይበላል።

ድሮ እሠራበት የነበረ ቤት እንዲሁ ዲስክ ሞልቶ አንዱ ልጅ «ሎግ ነው» ብሎ «ፒጂ ኤክስሎግ» የሚባለውን ፎልደር ጠረገው። ሎግ አልነበረም፤ ሰርቨሩ ድንገት ሲወድቅ መልሶ የሚነሳበት መዝገብ ነው። ስሙ ብዙ ሰው ስላሳሳተ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 10ኛ ቨርዥን «ፒጂ ዋል» ተባለ። ለእኛ ግን ዘግይቷል። የማታውን ባካፕ መልሰን፣ የዚያን ቀን ደረሰኝ በሙሉ ከወረቀት ላይ እያነበብን ስናስገባ አመሸን። ልጁም አብሮን አመሸ፤ ማኪያቶውን የጋበዘው እሱ ነበር።