የማይበላውን ዘንዶዬን በሌላ እባብ ልለውጠው?

ጥያቄ፦ አራት ዓመት የሞላው ወንድ ቦል ፓይተን (ትንሽ የዘንዶ ዝርያ) አለኝ። ከሁለት ወር ወዲህ የማቀርብለትን አይጥ አይነካም፤ ቀኑን ሙሉም ከመደበቂያው አይወጣም። አንድ የማውቀው ሰው በደንብ የሚበላ ትንሽ ቦአ (ሌላ የእባብ ዓይነት) ስላለው እንድንለዋወጥ ጠይቆኛል። ከመወሰኔ በፊት ቦአውን ለጥቂት ሳምንታት በዚያው ክፍል አቆይቼ ልሞክረው አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ለልውውጡ ያነሣሣዎት የዘንዶው አለመብላት ብቻ ከሆነ ውሳኔውን ቢያዘገዩት እመርጣለሁ። የዚህ ዝርያ እባቦች፣ በተለይም ለአካለ መጠን የደረሱ ወንዶች በመራቢያ ወቅታቸው፣ ለወራት ሳይበሉ ቆይተው ጤናቸው ሳይጓደል ወደ ምግባቸው መመለሳቸው የተለመደ ነው። ቀን የሚደበቀውም የሌሊት እንስሳ ስለሆነ ነው። የማቆያ ሣጥኑ ሞቃት ጫፍ ከ31 እስከ 33፣ ቀዝቃዛው ደግሞ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑን በቴርሞሜትር ያረጋግጡ፤ የቀዘቀዘ እባብ የበላውን መፍጨት ስለማይችል ምግብ ይተዋል። በየሳምንቱም ይመዝኑት። በግልጽ እየከሳ ከሄደ፣ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ወይም ልጋግ የሚያዝረከርክ ከሆነ ግን ጉዳዩ የልውውጥ ሳይሆን የሐኪም ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ የሙከራው ሐሳብ ነው፤ እባክዎን ይህን አያድርጉ። ቦአዎች ምንም ምልክት ሳያሳዩ ለዓመታት ሊሸከሙት የሚችሉት አንድ የቫይረስ በሽታ አለ። ይኸው በሽታ ወደ ፓይተን ሲተላለፍ የነርቭ ሥርዓቱን በፍጥነት አጥቅቶ ይገድለዋል፤ መድኃኒትም የለውም። በቅርፊቶች መካከል የሚሸሸጉ ደም መጣጭ ጥቃቅን ተባዮችም ከሣጥን ወደ ሣጥን እየተሻገሩ በሽታ ያዛምታሉ። አዲስ እባብ ቢያንስ ለሦስት ወር በሌላ ክፍል፣ በራሱ የውኃ ሳሕንና የምግብ መቆንጠጫ መቆየት አለበት፤ እርስዎም ሁልጊዜ ነባሩን አስቀድመው ከተንከባከቡ በኋላ ነው ወደ አዲሱ የሚሄዱት። ይህን ማሟላት ካልቻሉ፣ ቦአው የሚገባው ዘንዶው ከወጣና ሣጥኑ በፀረ ተሕዋስያን ከታጠበ በኋላ ብቻ ነው።

ቦአውን ራሱንም ያስቡበት። ቦል ፓይተን ከአንድ ሜትር ተኩል የሚያልፈው ከስንት አንድ ነው፤ ቦአ ግን ከሁለት ሜትር በላይ ሊያድግ፣ ከ20 ዓመት በላይም ሊኖር ስለሚችል ዛሬ ያለዎት ሣጥን አይበቃውም፣ ሲያድግም አንድ ሰው ብቻውን ሊይዘው አይገባም። አሁን በደንብ መብላቱ በማደግ ላይ ያለ እባብ ጠባይ ነው፤ ለእንክብካቤ ይቀላል ማለት አይደለም። ቦአ ለማሳደግ በሚኖሩበት አገር ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነም አስቀድመው ይጠይቁ።

ይህን ሁሉ አይተው አሁንም ልብዎ ወደ ቦአው ካዘነበለ መለዋወጡ ነውር የለበትም፤ የማይወዱትን እንስሳ በግድ ማቆየት ለእንስሳውም አይጠቅምም። ነገር ግን ተረካቢው ሰው የዘንዶውን ጾም ሳያውቅ እንዳይወስደው እለምንዎታለሁ፤ አለዚያ እሱም ደንግጦ ለሌላ ሰው ያሳልፈዋል፣ በየቦታው መንከራተቱም ይበልጥ ከምግብ ያርቀዋል። መጨረሻ የበላበትን ቀን፣ የለመደውን የአይጥ መጠን፣ የሣጥኑን ሙቀትና የየሳምንቱን ክብደት ጽፈው ይስጡት፤ ከእሱም ስለ ቦአው ይህንኑ መረጃ ይጠይቁ፣ ሊሰጥዎት ካልፈቀደም ልውውጡን ይተዉት።