ጥያቄና መልስ፦ ዋንዛው ይቆረጥ ወይስ ይቆይ?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዙሪያቸው ቡናና ጫካ ነው።

አንዲት እህት ከሱቅ የገዛችውን ጥሬ ቡና ዘርታ ሦስት ወር ብትጠብቅ አልበቀለም። እህቴ፣ የተረፈውን ቆልተሽ ጠጪው። የቡና ዘር ከተለቀመ ጥቂት ወራት ካለፉት አቅም የለውም። ገና ከዛፉ የወረደ ቀይ እሸት ፈልጊ።

ዋሽንግተን ያለው ወንድማችን ደግሞ መስኮት ላይ ያስቀመጠው የቡና ችግኝ ቅጠሉ ጫፍ ጫፉን እያረረበት ነው። ከፀሐዩ ራቅ አድርገው፤ ከማሞቂያው ደግሞ ይበልጥ።

ከጅማ ዙሪያ የጻፈልኝ ልጅ አባቱ የጫካ ቡና ትተውለታል። ወንድሙ «ዋንዛውንና ብርብራውን እንቁረጥ፤ ፀሐይ ሲያገኝ ምርቱ ይጨምራል» ይለዋል። ማን ልክ ነው?

ወንድምህ ከመሬት ተነስቶ አላወራም። ፀሐይ ያገኘ ቡና መጀመሪያ ላይ በደንብ ያፈራል። ካቅሙ በላይ ሲሸከም ግን ቅርንጫፉ ይደርቃል፤ በማግስቱ ዓመት ባዶ ጆንያ ይዘህ ትቆማለህ። ይህ ዛፍ እኮ በደቡብ ምዕራብ ዝናባማ ጫካ፣ ከነቀረሮና ከነዋንዛ ሥር የተወለደ ነው። ጥላ ልማዱ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ምንጣሮው ነው። ከቡናው ሥር አረሙን ስታጸዱ የዋንዛው ችግኝም አብሮ በገጀራ ይሄዳል። ከሩቅ ሲያዩት ጫካው አለ። ጠጋ ብለህ እይ፦ ሽማግሌ እንጂ ልጅ የለውም። ያ ትልቁ ዋንዛ አንድ ቀን ሲወድቅ ማን ይተካዋል? ከምንጣሮው በፊት ዙርና ችግኞቹ አጠገብ እንጨት ትከል፤ ለሠራተኞቹም ንገራቸው።

በፈረንጆቹ 1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ሲከሰት ተመራማሪዎች ፍለጋ የወጡት ወደ ቡናው አገር ነው። በሽታው መሐል ጤነኛ ሆነው የቆሙ ዛፎችን መረጡ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች እናታቸው ከኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ ናት። 74 ማለት የተመረጡበት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት አንድ የቸኮለ ወንድም ቦታውን መንጥሮት ቢሆን ኖሮስ?

ማዳበሪያ ልጨምር ወይ ላልከው ደግሞ የወረዳህን ግብርና ባለሙያ ጠይቅ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሌላ ወንድም ነው፦ አባቱን ሽንት እያስቸገራቸው ነው፤ ጎረቤት ጥቁር እንጨት የሚባለውን ዛፍ ልጥ ቀቅለው ይጠጡ ብሏል። ልጡ ተራ ወሬ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ለፕሮስቴት (ከወንዶች ፊኛ ሥር ላለው እጢ) እብጠት መድኃኒት ይሠራበታል፤ ዛፉ ተልጦ እንዳያልቅ ንግዱ ከ1995 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ግን አባትህን የያዛቸው ምን እንደሆነ አንተም ጎረቤትህም አታውቁም። ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ልጡን ተወውና ሐኪም ጋ ውሰዳቸው። ሽንቱ ጭራሽ እምቢ ካለ ደግሞ ያኔውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን።