«ቫኬሽኑ የእሱ፣ ድካሙ የኔ»

ደብዳቤው አጠር ብሎ ይኸውና፦

«የምንኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። የ14 ዓመት ሴትና የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ባለቤቴ በየዓመቱ የዊንተር እረፍቱን ብቻውን ያቅዳል። ባለፈው ታኅሣሥ ብሬክንሪጅ ስኪ (የበረዶ ሸርተቴ) ሄድን፣ ከዚያ የሎውስቶን ፓርክ ተኩላ ለማየት፣ ከዚያ ደግሞ ማዊ (ሃዋይ)። ስኪ አልችልም። ሎጅ ውስጥ ጃኬትና ቦርሳ ስጠብቅ እውላለሁ፤ ጾም ስለሆነ ምሳዬ የድንች ጥብስ ነው። አንድ ቀን ‹ነይ እኔ አስተምርሻለሁ› አለኝና ወጣሁ። ወደቅኩ፣ መነሳት አቃተኝ። እሱ ቪዲዮ ቀርጾ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው። ዘመድ ሁሉ ሳቀ፣ ልጄም ሳቀች። እናቴ አዲስ አበባ ናት፣ ካየኋት 6 ዓመት ሆነኝ። ‹በዚህ ብር እሷን እንይ› ስለው ‹እኔ ለልጆቹ ብዬ ነው› ይላል። ደስ ያለኝ የሎውስቶን ውስጥ ላማር ሸለቆ አንድ ጠዋት ብቻ ነው። ሳይነጋ ከልጄ ጋር መንገድ ዳር ቆመን፣ አንድ የማናውቀው ሽማግሌ ቴሌስኮፑን ሰጠንና ተኩላዎቹን አየን። ብርዱ ሲጠናባት እጇን የኔ ኪስ ውስጥ ከተተች፤ ስለ ትምህርት ቤት ጓደኞቿ አውርታልኝ የማታውቀውን አወራችኝ። ዘንድሮም ቦታ ማስያዝ ጀምሯል። አልሄድም ልበል?»

እህቴ፣ «አልሄድም» አትበይ። ቢያንስ ገና አትበይ። እንዲህ ካልሽ ጠቡ ስለ ስኪ ይሆናል፣ አንቺም «ደስታ የማትወድ እናት» ትባያለሽ፣ ዋናው ነገር ደግሞ ተሸፍኖ ይቀራል።

ዋናው ነገር ቪዲዮው ነው። ገንዘቡም፣ እናትሽም፣ ጃኬቱም የራሳቸው ጊዜ አላቸው፣ ይህን ግን ከእነሱ ጋር አትቀላቅዪው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ስልኩ ከእጁ ሲወርድ፣ «ወድቄ መነሳት ሲያቅተኝ ቀርጸህ ለዘመድ መላክህ አዋርዶኛል። ከግሩፑ አጥፋው» በይው። በቃ። «አንተ ሁልጊዜ» ብለሽ አትጀምሪ፣ የ10 ዓመት ቂም አትቁጠሪ። «ቀልድ ነው እኮ!» ማለቱ አይቀርም። «ለአንተ ቀልድ ነው፣ ለኔ አልነበረም» በይና ዝም በይ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዝምታ አንቺ አትሙዪው፣ እሱ ይሙላው።

ልጅሽ በመሳቋ ብዙም አትዘኚ። የ14 ዓመት ልጅ አባቷ የሳቀበት ላይ ትስቃለች። ይልቅ አባቷ ይቅርታ ሲጠይቅሽ ብትሰማ ደግ ነው፤ ከተቻለ እሷ ባለችበት ይጠይቅሽ።

ስለ ባለቤትሽ የሰማሁት በአንቺ በኩል ብቻ ስለሆነ ክፉ ነው ብዬ አልፈርድም። ብዙ አባቶች ልጆቻቸው ሰኞ ክፍል ገብተው «እናንተ የት ሄዳችሁ?» ሲባሉ አንገታቸውን እንዳይደፉ ይጨነቃሉ። እዚህ ተወልዶ በ4 ዓመቱ ስኪ ከጀመረ ልጅ ጋር የሚማር ልጅ አባት ከሆንክ ጭንቀቱ እውነት ነው። ግን «ለልጆቹ ብዬ» የሚለው ነገር አንቺን ከውሳኔው ማስወጫ ከሆነ፣ ልጆቹ ሰበብ ሆነዋል ማለት ነው።

ሌላ ትንሽ ነገር። ብሬክንሪጅ ከተማው ራሱ ወደ 2,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ከአዲስ አበባም ከኦሮራም በጣም ይበልጣል። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት የተለመደ ነው፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ እዚያ በደረሳችሁበት ማታ ስለ ክሬዲት ካርድ አታውሩ፣ እባካችሁ።

ስኪውን በተመለከተ፦ ከባል ስኪ መማር ከባል መኪና መንዳት እንደ መማር ነው፣ ሁለታችሁም ተኮራርፋችሁ ትመለሳላችሁ። ልጆችሽ እያዩ በባልሽ መታረም ውርደት ቢመስልሽ አይገርምም። መሞከር ካማረሽ የአዋቂ ጀማሪዎች ክፍል ግቢ። እዚያ ሁሉም ይወድቃል፣ ማንም አይስቅም። ሊፍት ሳትወጪ፣ መሬት ላይ የሚንቀሳቀሰው ምንጣፍ እየወሰደሽ፣ የስኪውን ጫፍ እንደ ፒዛ ቁራሽ አጥብበሽ መቆምን ትማሪያለሽ። ካላማረሽ ደግሞ ተይው፣ ያለ ስኪ የሞተ የለም። የበረዶ መራመጃ ጫማ ተከራይተሽ ጫካው ውስጥ በእግርሽ መሄድ ትችያለሽ። ጃኬቱን ግን ዳግመኛ አትጠብቂ! ሎከር አለ። ጥቂት ዶላር ይከፈልበትና ይቆለፍበት። ምሳሽንም ከቤት ያዢ። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ነው፣ የልጆቹ እረፍት ሁልጊዜ መሐሉ ላይ ይወድቃል፣ ስለዚህ ድንገተኛ ነገር አይደለም፤ እሱም ሲያቅድ ሊያስብበት ይገባል።

አሁን ወደ ላማር። ደብዳቤሽን ሳነብ የቆምኩት እዚህ ላይ ነው። ማዊን በአንድ ቃል ነው ያለፍሽው፣ ስለ ጠዋቷ ግን የልጅሽን እጅ ሳይቀር ጻፍሽልኝ። ልጅሽ ለምን እዚያ አወራችሽ? በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠሽ «ትምህርት እንዴት ነው?» ስትይው «ፋይን» ብሎ ይዘጋሻል። ጎን ለጎን ቆማችሁ ሁለታችሁም ሌላ ነገር ስታዩ ግን አፉ ይፈታል። ተኩላ ፍለጋ ደግሞ አብዛኛው መጠበቅ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1995 በፊት ለብዙ አሥርት ዓመታት ተኩላ አልነበረም፣ ተገድለው አልቀው ነበር። በ1995 እና በ1996 ከካናዳ 31 አምጥተው ለቀቁና ነው ዛሬ ሰው ሌሊት ተነስቶ ብርድ ላይ የሚቆመው። አንቺና ልጅሽ እዚያ እኩል ነበራችሁ። ማንም ከማንም አይበልጥም፣ ማንም የሚወድቅ የለም፣ ቴሌስኮፑም በተራ ነው።

ስለዚህ ከጉዞው አንድ ነገር ብቻ ምረጪ ብትባዪ ይህን ምረጪ። በብርዱ ወራት ከጋርዲነር በላማር አድርጎ ኩክ ሲቲ የሚደርሰው መንገድ ለመኪና ክፍት ነው፣ ሌላው የፓርኩ መንገድ ለተራ መኪና ይዘጋል፣ እናም ራሳችሁ ነድታችሁ መድረስ ትችላላችሁ። ሁለት ጠዋት ይበቃል። ወንዶቹ ይተኙ።

ማዊም ክፉ አይደለም። ዓሣ ነባሪዎቹ በዚያ ወቅት ከአላስካ ለመውለድ ይመጣሉ፣ ልጆች ይወዱታል። ግን ስኪም፣ ተኩላም፣ ደሴትም በአንድ እረፍት? ሻንጣውን የሚያዘጋጀው ማን ነው? እርጥብ ካልሲ የሚያሰጣውስ? መልሱን እኔም አንቺም እናውቀዋለን፣ እሱ ግን ላያውቀው ይችላል። ወረቀት አውጡና ማን ምን እንደሚሠራ ጻፉ። ከዚያ ጠቅላላ ወጪውን ከታች አስቀምጡ።

እናትሽን ከወረቀቱ ላይ እንደ አራተኛ ጉዞ አታሰልፊያቸው። 6 ዓመት ረጅም ነው፣ ዕድሜያቸውም አይጠብቅም። የታኅሣሥ ቲኬት ሁሉም ለገናና ለጥምቀት ስለሚሄድ ውድ ነው፣ ገና ደግሞ ታኅሣሥ 29 ሲውል እዚህ ብዙውን ጊዜ ትምህርት ተከፍቷል። አራታችሁም ለመሄድ ካሰባችሁ ትምህርት ቤቱን ቀድማችሁ አነጋግሩ። ባልሽ የዱር እንስሳ ከወደደ ደግሞ የባሌ ተራሮችን ቀይ ቀበሮ ንገሪው፣ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። እሱ አሻፈረኝ ካለ ግን ርካሽ ወር ፈልገሽ ብቻሽን ሂጂ። እናትን ለማየት የቤተሰብ ድምፅ አይሰጥም።

ይህን ሁሉ ተናግረሽ ቪዲዮውን አላጠፋም ካለ፣ ወይም የገንዘባችሁን ሂሳብ የማያሳይሽ ከሆነ፣ ነገሩ ከቫኬሽን አልፏል ማለት ነውና የባለትዳሮች አማካሪ ጋር ሂዱ። አማርኛ የሚናገር ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘ በእንግሊዝኛም ይሁን። ዘመድ ግን ሽማግሌ አታድርጉ፤ ግሩፑ ላይ የሳቁት እነሱ ናቸው።