ጣትሽን አትጫኚው

«ለዮጋ ስንቀመጥ አስተማሪያችን አውራ ጣትና ሌባ ጣታችሁን አገናኙ ይለናል፤ ትርጉሙ ምንድን ነው? ጥቅምስ አለው?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ እኔ ይህን ለማወቅ አራት ወርና አንድ የእጅ አንጓ ከፍያለሁ። አንቺ አትክፈይ።

1. መዳፍሽ ወደ ላይ ከሆነ ቺን ሙድራ ይባላል። ሙድራ በሳንስክሪት ማኅተም ማለት ነው። ሌባ ጣት የአንድ ሰው ነፍስ፣ አውራ ጣት የዓለሙ ሁሉ መንፈስ ነው፤ ክቡ የሁለቱ መገናኛ ነው። እናቴ «ባዕድ ነገር» ብላ ስትቆጣኝ ግድግዳዋ ላይ ያለውን ሥዕል አሳየኋት፤ ጌታ ቀኝ እጁን አንሥቶ በጣቶቹ ይባርካል። ዝም አለች፤ አልተቀበለችኝም እንጂ።

2. ጣት በሽታ ይፈውሳል የሚልሽን አትመኚ። የእኔ አስተማሪ አውራ ጣት እሳት፣ ሌባ ጣት አየር፣ መሃል ጣት ጠፈር፣ ቀለበት ጣት ምድር፣ ትንሿ ጣት ውኃ ናት እያለ ለየሕመሙ የጣት አያያዝ የተዘረዘረበት ወረቀት ሸጠልን። አዎ፣ ሸጠልን። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ እውላለሁ፤ የአንቺም ሥራ ከዚህ አይርቅም። ሌሊት ሌሊት አውራ፣ ሌባና መሃል ጣቶቼ ይደነዝዙ ነበር። ብነግረው «ኃይሉ እየተከፈተ ነው፤ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ» አለኝ። ታዛዥ ተማሪ ነኝና ጥፍሬ እስኪነጣ፣ አንጓዬን አጥፌ፣ በየቀኑ 45 ደቂቃ ጫንኩ። አንድ ቀን የሻይ ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ።

ሐኪም ቤት የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ምን እንደሆንኩ ጠይቃኝ ስነግራት ሰልፉ ሁሉ እስኪሰማ ሳቀች። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። በአንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጨምቋል፤ እነዚያን ጣቶች የሚያገለግለው እርሱ ነው አለኝ። ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ አዘዘልኝ፤ በስድስት ሳምንት ተሻለኝ። ምናልባት ያመጣብኝ ሥራዬ ይሆናል። የሚያንገበግበኝ ግን መታከም ሲገባኝ ወረቀት ታቅፌ መቀመጤ ነው።

3. ከዚያ በኋላ ራሴ ማንበብ ጀመርኩ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ የተባለ የዮጋ መጽሐፍ አሥር ሙድራዎችን ይዘረዝራል፤ ያ ሁሉ የጣት ዝርዝር ግን እዚያ የለም፤ የእርሱ ሙድራዎች በመላ ሰውነትና በትንፋሽ የሚሠሩ ናቸው። ይህን ሄጄ ለአስተማሪው ስነግረው ፊቱን አዞረብኝ። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ጥቅሙን ካልሽኝ፣ እኔ ያገኘሁት አንድ ነገር ነው። የጣት ጫፍ ንክኪን አጥርቶ ይሰማል፤ ሐሳብሽ ሲሸሽ ጣቶችሽ ይላቀቃሉ፣ ያን ጊዜ መሄድሽን ታውቂያለሽ። አሁን በየጠዋቱ 20 ደቂቃ እቀመጣለሁ፤ በጣቶቼ መካከል ወረቀት ብታስገቢ ያለ ችግር ይወጣል። አንቺም ሌሊት የሚደነዝዝሽ ከሆነ ነገውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ፤ ካርድ ክፍል ግን ስለ ዮጋው ምንም አትናገሪ።