ሚዛኑ ሲቆም፦ ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚነሡ ጥያቄዎች መልስ

ቀዶ ሕክምናውን ካደረግሁ ሰባት ዓመት አልፎኛል። የእኔ ስሊቭ የሚባለው ነው፤ ከጨጓራ 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ የሚወጣበት። ከዚያ ወዲህ አዳዲስ ታካሚዎችን ሳማክር እንደ «ክብደቴ መቀነሱን አቆመ፤ ምን አጥፍቼ ነው?» የሚል ጥያቄ በዝቶ የመጣልኝ የለም። ዛሬ የምችለውን ያህል እመልሳለሁ። ሐኪም ስላልሆንሁ ሐኪማችሁ ከእኔ የተለየ ነገር ከነገራችሁ የእርሱን ስሙ።

ጥያቄ፦ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። በሁለቱ ሳምንታት 9 ኪሎ ቀንሼ ነበር፤ አሁን ግን ስምንት ቀን ሙሉ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ፈሳሽ ብቻ እየወሰድሁ እንዴት ይቆማል? ቀዶ ሕክምናው አልሠራልኝ ይሆን?

ሠርቶልሻል፣ እህቴ። ይህ ብዙዎቻችን በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ያለፍንበት ነው። ጉበትና ጡንቻ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ስንቅ ይይዛሉ፤ አንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውኃ አብሮት ይቀመጣል። ምግብ በድንገት ሲቀንስ ሰውነት መጀመሪያ የሚጠቀመው ይህን ስንቅ ስለሆነ ውኃውም አብሮ ይወጣል። ከዘጠኙ ኪሎ የተወሰነው ይህ ውኃ ነበር። አሁን ሰውነትሽ ሲረጋጋ የተወሰነውን ውኃ መልሶ እየያዘ ነው። ስቡ መቅለጡን አላቆመም፤ የሚመለሰው ውኃ ሸፍኖት ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። እስከዚያው የተሰጠሽን የአመጋገብ ደረጃ አትዝለዪ፤ ፈሳሽሽን ቀስ እያልሽ በቀን ወደ 1.5 ሊትር አድርሺ።

ጥያቄ፦ ስድስተኛ ወሬ ላይ ነኝ፤ ከቆመብኝ አምስት ሳምንት ሆነው። ምግቤን በቀን ወደ 400 ካሎሪ ባወርደው ይንቀሳቀሳል?

አታውርደው፣ ወንድሜ። ይህን የምልህ እኔም ሞክሬው ስለማውቅ ነው። በዚያው ስድስተኛ ወር 91 ኪሎ ላይ ተገትሬ ነበር። በየማለዳው ሚዛኑን ከአልጋው ሥር ስቤ አውጥቼ እወጣበታለሁ፤ 91። ቀኑን ሙሉ እርጎ ብቻ በልቼ ውዬ በማግስቱ ስወጣም 91። ያተረፍሁት ቢኖር ደረጃ ስወጣ የጉልበቴን መንቀጥቀጥ ነው። ከዚያ አንድ ጠዋት ቀበቶዬን ሳጠብቅ የመጨረሻው ቀዳዳ ላላብኝ። በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁ፤ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ሌላ። ሚዛኑ ቆሞ ሳለ ወገቤ እየጠበበ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ወገብህን፣ ጭንህንና ክንድህን በሜትር እየለካህ መዝግብ።

ምክንያቱንም ልንገርህ። የ140 ኪሎ ሰው ሰውነት የሚያቃጥለውን ያህል የ100 ኪሎ ሰው ሰውነት አያቃጥልም፤ የሚሸከመው ሥጋ ቀንሷልና። በዚያ ላይ ሰውነት ረሃብ የመጣበት ሲመስለው ወጪውን ይቆጥባል። ምግብህን ይበልጥ ስታሳንስ ጡንቻህ ይሟሽሻል፤ ጡንቻ ሲቀንስ ደግሞ የምታቃጥለው ኃይል ይቀንሳል። መንገዱ በተቃራኒው ነው። ፕሮቲንህን በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም አድርስ፤ ከሳህንህ ላይ እንቁላሉን፣ ዓሣውን ወይም ሥጋውን አስቀድመህ ብላ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያሠራ እንቅስቃሴ ጨምር። የራስህን ክብደት ተጠቅመህ ከወንበር መነሣትና መቀመጥም ለመነሻ ይበቃል።

ጥያቄ፦ በየቀኑ ልመዘን?

በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል፤ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከተሄደ በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ። ሴቶች የወር አበባ ሲቃረብ ውኃ ብቻውን 1 ወይም 2 ኪሎ ሊጨምር እንደሚችል አትርሱ።

ጥያቄ፦ ዘጠነኛ ወሬ ነው። አሁንም ጥቂት በልቼ እጠግባለሁ፤ ክብደቴ ግን ከቆመ ሁለት ወር ሆነው። ምኑን ነው የሳትሁት?

ሁለት ወር ረዘም ይላል፤ ስለዚህ ቀረብ ብለን እንየው። ጠባብ ጨጓራ የሚሞላው ጠንከር ባለ ምግብ ነው፤ ለስላሳና ፈሳሽ ነገር ሳያጠግብ እየተንሸራተተ ያልፋል። ብስኩት፣ ቺፕስ፣ አይስክሬም፣ ቸኮሌት፣ ጁስ፣ ስኳር ያለበት ወተት እንዲህ ናቸው። አንድ ቁራጭ ዶሮ ላይ ጠግበው የሚነሡ ሰው አንድ ፓኬት ብስኩት ቀኑን ሙሉ እየቆረጠሙ ሊጨርሱ ይችላሉ። ጨጓራው አልከሸፈም፤ ይህን ዓይነት ምግብ ግን ሊያግድ አይችልም።

አንድ የማማክራቸው ሰው እንደ እርስዎ ግራ ተጋብተው መጡ። ለሰባት ቀን በአፋቸው የገባውን ሁሉ፣ ከልጆች ሳህን የተነሣውን ጉርሻ ሳይቀር፣ በደብተር እንዲጽፉ ለመንኋቸው። ምሳና እራታቸው እንከን አልነበረበትም። ነገር ግን በየቀኑ አራት ስኒ ቡና በወተትና በስኳር፣ ማታ ደግሞ ቴሌቪዥን ፊት አንድ ጭብጥ ለውዝ ተጽፎ አገኘን። ለውዝ መልካም ምግብ ነው፤ 50 ግራሙ ግን ወደ 300 ካሎሪ ይጠጋል። ደብተሩን ሳይ አልወቀስኋቸውም፣ እርስዎም ራስዎን አይውቀሱ። ዓላማው ማየት ብቻ ነው።

ከምግብ ጋር ይጠጣሉ? ብዙ ሰው ከወራት በኋላ ይህን ይዘነጋል። ፈሳሽ ምግቡን ቶሎ ስለሚያሳልፈው ጥጋቡ አይቆይም። በልተው ከጨረሱ በኋላ 30 ደቂቃ ይታገሡ። አልኮልም ካለ ይቁጠሩት፤ ካሎሪው አንድ ነገር ሆኖ፣ በተለይ ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር በአቋራጭ የሚያገናኘውን ቀዶ ሕክምና) ላደረገ ሰው ከበፊቱ ቶሎ ወደ ደም ይገባል።

ጥያቄ፦ አምስት ቀን በፈሳሽ ብቻ ቆይቶ «ጨጓራን እንደ አዲስ ማስጀመር» ይቻላል የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

አይደለም። ጨጓራን መልሶ የሚያጠብ የአምስት ቀን ምግብ የለም። በአምስቱ ቀን የሚወርደው ውኃ ነው፤ ምግብ ሲጀመር ይመለሳል። ይልቁንም ምግብ በጣም ሲያንስ፣ በተለይ ማስታወክ ከታከለበት፣ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ነርቭንና አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ማስታወክ ያልተወው ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ጥያቄ፦ ክብደቴም ቆሟል፣ ፀጉሬም ይረግፋል። ይገናኛሉ?

እንዲያ ነው ለማለት አይቻልም። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር የሚረግፍ ፀጉር ብዙውን ጊዜ ከቀዶ ሕክምናውና ከፈጣኑ ክብደት መቀነስ የመጣ ነው፤ መልሶ ይበቅላል። ብረት፣ ፕሮቲንና ዚንክ አንሶ እንዳይሆን ግን ተመርመሪ፤ ቫይታሚኖችሽንም አታቋርጪ።

ጥያቄ፦ ባይፓስ ካደረግሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ከዝቅተኛው ክብደቴ 5 ኪሎ ጨምሬያለሁ። እንደ ቀድሞዬ ልመለስ ነው?

ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ ዝቅ የሚለው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ ይረጋል። በ1987 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ በተጀመረው ትልቅ ጥናት ባይፓስ ያደረጉት ዝቅተኛው ላይ ሲደርሱ በአማካይ 32 በመቶ ክብደታቸውን ቀንሰው ነበር፤ በአሥረኛው ዓመት 25 በመቶ ላይ ነበሩ። አዎ፣ ጨምረዋል፤ ግን ወደ ቀድሞው አልተመለሱም። አምስት ኪሎ በዚህ ልክ ውስጥ ነው።

የሚያሳስበኝ በየወሩ ሳያቋርጥ የሚጨምር ክብደት ነው። እንዲያ ከሆነ አፍረው ከክትትል አይቅሩ። አፍሮ መቅረት እንዳየሁት ከኪሎው ይልቅ ይጎዳል። ሐኪሙ የታይሮይድ ሆርሞንዎን ሊመረምር፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሊያይ (ስቴሮይድ፣ ኢንሱሊንና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ክብደት ይጨምራሉ)፣ ጨጓራዎን በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ) ሊመለከት ይችላል። እንደ ሴማግሉታይድና ሊራግሉታይድ ያሉ መድኃኒቶችም ቀዶ ሕክምና ካደረጉ በኋላ ክብደታቸው ለተመለሰባቸው ሰዎች ይታዘዛሉ። መድኃኒት መውሰድ ሽንፈት አይደለም።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ስለ ባለቤቴ ነው። ሚዛን ላይ በወጣች ቁጥር ታለቅሳለች። ምን ልበላት?

ስለ ጠየቅህ አመሰግንሃለሁ። መጀመሪያ «ዛሬ ስንት ደረሰ?» የሚለውን ጥያቄ ተወው፤ ዘመድም እንዲተወው አድርግ። ይህች ሴት ገላዋን ለቢላ ሰጥታ፣ ከዚያ ጀምሮ እያንዳንዱን ጉርሻ ለክታ ስትኖር፣ አንድ ቁጥር ጠዋት ጠዋት «አልበቃሽም» ይላታል። እርሷ ስለ ኪሎ ስታወራ አንተ ስላየኸው ነገር አውራ፤ ሳታርፍ ደረጃውን መውጣቷን፣ እንቅልፏ መስተካከሉን፣ የጫማዋን ክር ጎንበስ ብላ ማሰሯን። አብረሃት በእግር ሂድ፤ ማታ ማታ ብስኩቱን ፊቷ አትብላ። ልቅሶው ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ወይም ከሰው መራቅና ተስፋ መቁረጥ ካየህባት፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ አብረሃት ሂድ።

ሚዛኑን ደግሞ፣ እርሷ ከተስማማች፣ ዛሬ ማታ ከመታጠቢያ ቤቱ አውጥተህ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው። እስከ እሑድ ጠዋት እዚያው ይቆይ።